ወደ ቀኝ የሚስበው መሪ

እህቴ ከጎባ ወደ ሮቤ በአውቶቡስ ስንመለስ ዓይኗን ጨፍና የት እንደደረስን ትናገር ነበር። ኩርባውን በሆዷ፣ ዳገቱን በጀርባዋ ትለካዋለች። «አሁን ወፍጮ ቤቱን አለፍን» ስትል በመስኮት አያለሁ፤ አልፈናል። አንድ ቀን ግን ሹፌሩ ለበግ መንጋ ቆም፣ ነዳ፣ ቆም ሲል ሒሳቧ ተዛባና ሮቤ ገበያ መሃል ሆነን «ገና ሜዳው ላይ ነን» አለች። ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ ግን የት ላይ እንደሳተች ስታስብ አመሸች።

የምትመኘው ዳመና ውስጥ የገባ አውሮፕላን የት እንዳለ የሚያውቅበትን መሣሪያ መሥራት ነበር። ባሌ ላይ ዳመናው ሞልቶናል፤ የቸገረን አውሮፕላኑ ነው።

ሶቭየት ኅብረት ሄዶ የመማር ዕድል መጣ ሲባል አመለከተች። ውጤቷ በቂ ነበር። የቀራት ጎባ ኮሚቴ ፊት ቀርባ «ለአብዮቱ ትጠቅማለች» መባል ብቻ ነው። ካልተባለች እህል ነጋዴው አባታችን ለጋብቻ ጥያቄ የሚመጡትን ሽማግሌዎች ማስተናገድ ሊጀምሩ ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

እኔ በመንግሥት ማስታወቂያ ቢሮ አዲስ ተቀጣሪ ስለነበርኩ ለዜናው ተብሎ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ከኮሚቴው ሊቀመንበር ራስ በላይ የአብዮታዊው መሪያችን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«የምትማሪው ሙያ ሥራው ምንድን ነው?» አሏት ሊቀመንበሩ።

«የመሪን ስህተት ማረም ነው።»

ፎቶግራፉን ላለማየት ሁሉም ጠረጴዛውን ማየት ያዘ።

«የመሪን?»

«አዎ ጓድ። መሪ ሁልጊዜ ይስታል። መጀመሪያ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይነቃበትም። ዝም ከተባለ ግን እየባሰበት ሄዶ የያዘውን ሕዝብ ይዞ ከተራራ ጋር ይላተማል።»

ሳልኩ። የጎባ ብርድ የያዘኝ መስሏት በርኅራኄ አየችኝና ቀጠለች።

«ስለዚህ ቁጥጥር ያስፈልገዋል። አልታረም ካለ ይለወጣል።»

«ይለወጣል» አሉ ሊቀመንበሩ፣ እስክሪብቷቸውን ቀስ ብለው እያስቀመጡ።

ከኮሚቴው አባላት መካከል የገበሬ ማኅበር ተወካይ የሆኑ አዛውንት ነበሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ መሪ የምትዪው በእጅ ይያዛል?» አሏት።

«ይያዛል አባባ። ግን በራሱም ይሠራል።»

«ክብ ነው?»

«የመኪናው ክብ ነው።»

አዛውንቱ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «ጓድ፣ ባለፈው ወደ ጎሮ ስንሄድ ቦይ ውስጥ የከተተንን የላንድሮቨርዎን ዓይነት መሪ ነው እኮ የምትለው።»

የዚያን ላንድሮቨር ነገር በጎባ ያልሰማ አልነበረም። ሌላው አባል «ወደ የት ነበር የሚስበው?» ብሎ ጠየቀ፤ ከልቡ ይሁን ለማሾፍ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

ሊቀመንበሩ እስክሪብቷቸውን መልሰው አነሱ። «ወደ ቀኝ» አሉ በመጨረሻ። «ድሮም ቀኝ መንገደኛ መኪና ነው።»

መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ እኛም ተፈቀደልን።

እህቴ አለፈች። ስትወጣ ግን ጠርተው መለሷት። «አንቺ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ መሪ አትበዪ። አቅጣጫ በዪ።»

እኔ በዜናው ላይ «አመልካቿ ስለ ሙያው ሰፊ ማብራሪያ ሰጥታለች» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት የለበትም። አባታችን ግን የሆነውን ስነግራቸው አልሳቁም፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

እሷም ሄዳ መጀመሪያ ቋንቋውን፣ ቀጥሎ ሒሳቡን፣ በኋላም እየሾረ አቅጣጫውን የማይለቅ ጋይሮስኮፕ የሚባል መሣሪያ ተማረች። መሐንዲስ ሆና ስትመለስ ሊቀመንበሩ ተቀይረው ነበር። አዲሱ ሊቀመንበር ሮቤ ቤታችን ድረስ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት መጡና «ለመሆኑ ምን ተማርሽ?» አሏት።

አፏን ከመክፈቷ በፊት አባታችን ቀደሟት።

«አቅጣጫ ነው ጓድ» አሉ። «አልሃምዱሊላህ፣ አቅጣጫ ብቻ።»