«ኢርጃ» እየተባልኩ የነዳሁበት መንገድ

«ቁልፉን ስጪኝ» አሉኝ ጋሼ ደሳለኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው። ባለፈው ሳምንት ነው... ከሽንፋ ከተማ ራቅ ብሎ ባለው የሰሊጥ እርሻችን ላይ ቆመን።

ጋሼ ደሳለኝ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሱ ካረፈ ጀምሮ ፒካፗን እኔ መንዳቴ አንድ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። «በዚህ በረሃ ሴት ብቻዋን መሪ ይዛ... መንገድ ብትስቺስ?» ይሉኛል። ሹፌር ቅጠሪ፣ ካልሆነም መኪናዋን ለእኔ ተይልኝ፣ እርሻውንም እኔ ልያዝልሽ... አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል።

እውነቱን ለመናገር መንገድ መሳቱን እኔም እፈራው ነበር። እዚህ ቆላ ክረምት ሲገባ ሣሩና ማሽላው መኪና ይውጣል፤ ትናንት የተነዳበት ዛሬ አይታወቅም። ለዚህ ብዬ መኪናዋንም እርሻውንም ለሰው ከምሰጥ... መተማ ዮሐንስ ወርጄ ጂፒኤስ ገዛሁ።

ሱቁ የሐጂ ኢድሪስ ነው። ሁለት አወጡልኝ። አንዱ ስክሪኑ ሰፊ፣ ፊልም ሁሉ የሚያሳይ። ሌላው ትንሽዬ፣ ጠርዙ የተፋቀ።

«የቱ ይሻለኛል ሐጂ?»

«ትልቁ ያምራል፣ ካርታውን ግን ከኢንተርኔት ነው የሚያመጣው። ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል ልጄ። የትንሹ ካርታ እዚሁ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ሰማይ እስካየ ድረስ ይሠራል። የሄድሽበትንም መስመር አድርጎ ያስቀምጥልሻል።»

ትንሹን ያዝኩ። አማርኛ አይናገርም። እኔ ደግሞ ለገበያ የምትሆን ዓረብኛ ስላለችኝ ወደ ዓረብኛ አዞርኩት። «የሚን» ሲል ወደ ቀኝ፣ «ሽማል» ሲል ወደ ግራ። የሚያናግረኝ እንደ ወንድ ነው... እሱንም ወደድኩት። ሰፈሩ ግን «ሰውዬው ዛሬ ምን አለሽ?» እያለ ከረመ። ይሳቁ ብዬ በጋውን ሙሉ በሄድኩበት ሁሉ ከፍቼው ሄድኩ።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም የመጣ አንዱዓለም የሚባል ሠራተኛ ወባ ጥሎት ነበር። ጠዋት ሲንቀጠቀጥ አረፈደ፤ ከሰዓት እናቱን እየጠራ መቃዠት ጀመረ። ጤና ጣቢያው ሽንፋ ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ ያላሰብነው ዝናብ ወርዶ፣ ሰሊጥ የጫነ መኪና ዋልካው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መተላለፊያውን ዘግቶታል።

«ነገ ትራክተር መጥቶ ያወጣዋል። እምቢ ካልሽ ቁልፉን ስጪኝና እኔ ልሞክረው» አሉ ጋሼ።

«በየት በኩል ነው የሚሞክሩት?»

በአገጫቸው ወደዚያው ወደተዘጋው መንገድ ጠቆሙኝ።

«እኔ በበጋ በላይ በኩል፣ በጫካው ዞሬ ሽንፋ ወጥቻለሁ። መስመሩ ጂፒኤሱ ውስጥ አለ» አልኳቸው።

«ሰው እየሞተ በመጫወቻ ልትሄጂ ነው?»

«ይግቡ ወይም ይቅሩ ጋሼ። እኔ ሄድኩ።»

ለእሳቸው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ሞተሩን አስነሳሁ... ገቡ። አንዱዓለምን የአገሩ ልጅ አቅፎት ከኋላ ተቀመጠ።

መንገድ የሚባል ነገር የለም። ሣሩ ከኮፈኑ በላይ ነው። ስክሪኑም ባዶ፤ ባዶው ላይ የእኔ የበጋ ዱካ ብቻ፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር። ካርታው ይህን እንደ መንገድ ስለማያውቀው፣ ሽንፋ አድርሰኝ ብዬ ያዘዝኩት ጂፒኤስ «ኢርጃ... ኢርጃ» ይለኝ ጀመር።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ ጋሼ።

«ተመለስ ነው የሚለው።»

«አየሽ፣ እሱም አውቆታል። ተመለሺ።»

ከፊቴ አንዱ በዓረብኛ፣ ከጎኔ አንዱ በአማርኛ ተመለሺ ይሉኛል። የጂፒኤሱን ድምፅ ዘጋሁት። የጋሼን መዝጊያ አላገኘሁም።

መስመሩ ወንዝ ላይ አደረሰን። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነበር። አሁን ቡናማ ውሃ ይወርድበታል... ስለዚህ ደግሞ ጂፒኤሱ ምንም አያውቅም። ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ውሃው ከጉልበቴ አላለፈም፤ ሥሩ ጠጠር ነው፣ ጠንካራ። ማዶ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ።

ጋሼ በመስኮት ያዩኝ ነበር። «ወንድሜን ቀብሬ፣ አንቺን ደግሞ...» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። ያን ሁሉ ጊዜ የተጨቃጨቁኝ በንቀት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ጫማዬን ሳላደርግ ገብቼ ተቀመጥኩ። መሪውን ግን አልለቀቅኩላቸውም።

አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ሳልቆም ነዳሁ። መሃል ላይ የኋላው ጎማ ሸርተት አለ። አንዱዓለም አቃሰተ፣ ጋሼ የበሩን እጀታ ጨብጠው ማርያምን ጠሩ። ከዚያ የፊቱ ጎማ ዳሩን ነክሶ ወጣን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽንፋ ገባን። ነርሷ የአንዱዓለምን ደም እንደመረመረች ግሉኮስ ሰካችለት፣ መርፌውንም ጀመረች። ሌሊቱን አጠገቡ አደርን። አሁን ተሽሎታል... የሠራተኛውን ሁሉ ምግብ ብቻውን እየጨረሰ ነው አሉ።

ጋሼ ለሰው ሲያወሩ «በጫካው እንሂድ ያልኳት እኔ ነኝ» ይላሉ። ይበሉ።

ትናንት ደግሞ ቤቴ ድረስ መጡ። ገለጉ ከተማ ጉዳይ አላቸው። ብዙ ሌላ ሌላ ወሬ ካወሩ በኋላ፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው «ያቺን ጂፒኤስሽን እስቲ አውሺኝ። መኪናና ነጂ አላጣም» አሉኝ።

«እሷ የምትሄደው ከነሹፌሯ ነው ጋሼ» አልኳቸው።