መካኒኬ «እሷ» ሲል አማቴ የሰሙት

ባለፈው ቅዳሜ ከቢቸና ወደ ሞጣ እየነዳሁ ነው... ከጎኔ የተቀመጡት የወደፊት አማቴ ጋሽ ይግዛው ናቸው። «የወደፊት» ያልኩት በድፍረት ነው። ልጃቸውን ፍሬን ለማግባት ሽማግሌ ከላክሁ ወር አልፏል፤ የተመለሰልን መልስ ግን «መክረን እናሳውቃለን» ብቻ ነው።

ጋሽ ይግዛው ቢቸና የመጡት ለተዝካር ነበር። መመለሻቸው ሲደርስ «ያ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ መኪና አለው አይደል?» አሉ ተባለ። ሚኒባስ አጥተው እንዳይመስላችሁ... ሊፈትሹኝ ነው!

እኔም ጨዋነቴ እንዲታይ በሠላሳ ነው የምነዳው። የአህያ ጋሪ ሊቀድመኝ ምንም አልቀረውም።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልንገራችሁ። ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ከሚረጩት፣ ዳይሬክት ኢንጀክሽን ከሚባሉት አዳዲሶቹ ናት። በድሮዎቹ ነዳጁ ወደ ውስጥ ሲገባ ቫልቩን እያጠበ ያልፋል፤ በእነዚህ ግን አያገኘውም። ስለዚህ ቫልቩ ላይ ካርቦን ይጋገራል። እኔ ደግሞ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ብቻ ነው የምነዳት፤ ሞተሯ በወጉ ሳይሞቅ አጠፋዋለሁ። ጠዋት ስትነሳ ወባ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ስትጀምር ባሕር ዳር ላለው መካኒኬ ለእንዳለው አሳየኋት። ቀጭን ካሜራ ከቶ ቀረጻትና «ቪዲዮውን ረጋ ብዬ ልየውና እደውልልሃለሁ» አለኝ።

ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ደወለ። ስልኬ ከመኪናዋ ስፒከር ጋር ተገናኝቷል፤ ፊት ለፊቴ የከብት መንጋ አስፋልቱን ሞልቶታል። ልዘጋው ስል አነሳሁት።

«ዶክተር! ሆዷን በካሜራ አየሁት እኮ!»

መድኃኒት ቤት ስላለኝ ነው ዶክተር የሚለኝ። ጋሽ ይግዛው ቀስ ብለው ወደ ስፒከሩ ዞሩ።

«እንዳለው፣ አሁን ሰው አጠገቤ...»

«ሰው ካለ ይስማ! ውጪዋን አይተህ እንዳትሸወድ። ሙሽራ ትመስላለች፣ ውስጧ ግን ጥላሸት ብቻ ነው!»

ዘጋሁት ብዬ የነካሁት ቁልፍ ድምፁን ጨመረው።

«ጥፋቱ ደግሞ ያንተ ነው! ትንሽ ታወጣትና ወዲያው ወደ ቤት ትመልሳታለህ። ጠባይህን ካላስተካከልክ አትበጅህም፤ ወስደህ ለሰውየው መልስለት!»

ኔትወርክ ተቋረጠ። ምነው ከደቂቃ በፊት ቢቋረጥ ኖሮ!

«መኪናውን አቁመው» አሉ ጋሽ ይግዛው።

እዚህ ላይ ጉዱ ገባኝ። በእሳቸው አፍ መኪና «እሱ» ነው። በጋራዥ አፍ ደግሞ «እሷ» ናት። በሁለቱ መሀል ትዳሬ ገደል ሊገባ ነው!

«የት ወስደህ ነው የልጄን ሆድ በካሜራ ያሳየኸው?»

«ጋሼ በእግዚአብሔር... ስለ መኪናዋ ነው የሚያወራው!»

«መኪና ሆድ አለው?»

«ሞተሯን ማለቱ ነው...»

«መኪና ሙሽራ ይመስላል? አንተ ሰው፣ ልጄን ጥላሸት የምትቀቡት ከነማን ጋር ሆናችሁ ነው?»

ወርጄ ከመኪናዋ ኋላ ተንበረከክሁ። መሀረቤን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከትቼ አዟዟርሁና ከሰል መስሎ ሲወጣ ከነጥቁር እጄ አቀረብሁላቸው። «ጥላሸት ያለው ይህን ነው፤ የሷ... የእሱ... የመኪናው!»

መሀረቡን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ... ያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ። ሰውየው ሳቅ ነው የያዛቸው! መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ጋሽ ይግዛው የጨርቅ ንግድ ሳይጀምሩ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተዋል። «ሰው ሁሉ ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ያመልጠዋል» አሉ። «እኔ ግን ወርቅ ፍለጋ ሄጄ ሰሙ አመለጠኝ! በል ለዚያ ሰው ደውልልኝ።»

ኔትወርኩ ተመለሰ። ስልኩን ተቀብለው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«መልስለት ያልኸው ሰውዬ እኔ ነኝ» አሉት።

ለእንዳለው መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው መሰሉት። «ውይ ጌታዬ፣ ይቅርታ! እሷስ ምንም አይወጣላትም፤ አያያዙ ነው።»

«ታዲያ ልተውለት ወይስ ልውሰዳት?»

«ኧረ ይተዉለት! ከያዛት ዕድሜ ልክ ትሆነዋለች።»

«እንዴት አድርጎ ይያዛት?»

«በሳምንት አንድ ቀን ረጅም መንገድ ይዟት ይውጣ፤ ሲወጣም አይፍራ፣ ሞቅ ያድርጋት። አስነስቶ ዝም ብሎ አያቁማት። ዘይቷን በጊዜው ይቀይር፣ ደግሞ ጥሩውን! ከሜዳ የተገዛ የጀሪካን ነዳጅ አያጠጣት። የተጋገረባትን እኔ አጥብላታለሁ።»

ጋሽ ይግዛው ስልኩን መለሱልኝ። «ሰማህ?» አሉኝ። «በዚህ ውል ሰጥቼሃለሁ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ልጄን ነዋ!»

ጉልበታቸውን ልስም ተደፋሁ። ብድግ ስል ነጩ ጋቢያቸው ላይ አምስቱም ጣቴ ታትሟል... ልጃቸውን ሳይሆን ራሳቸውን ጥላሸት ቀባኋቸው! እሳቸው እቴ፣ ልብም አላሉት። «በል ተነስ፣ መድኃኒቷን ስጣት!» አሉ። እሳቸውም «እሷ» አሏት!

ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ረገጥኋት። ከኋላችን ጥቁር ጭስ ተግተለተለ። በዕድሜዬ እንዲህ ነድቼ አላውቅም፤ ጋሽ ይግዛው በአንድ እጃቸው እጀታውን ይዘው «ጨምር! ጨምር!» ይላሉ። ሞጣ ስንደርስ መኪናዋ ድምጿ ጠርቷል፣ የእኔ ግን በእልልታ ተዘግቷል።

አመሻሽ ላይ ፍሬ ደወለች። «አባዬ ውሉን ነገረኝ» አለችኝ እየሳቀች። «ረጅሙን መንገድ እሺ... ዘይቱ ግን ይቅርብኝ።»

አንደኛ ሚዜነቱን የምትጠብቁ ጓደኞቼ ተስፋ ቁረጡ፤ ቦታውን መካኒኬ ወስዶታል።