መጀመሪያ በእኔ ስም ሞክረው

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ባለ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ይሠሩ ነበር። ካርዶቹን በነፃ ወደሚገኝ ዳታቤዝ ያዛወርኩላቸው እኔ ነኝ፤ ለፕሮግራሙ የስህተት ማረሚያ በወጣ ቁጥርም ከኢንተርኔት ቤት በሲዲ አምጥቼ እጭን ነበር። አንዴ ኮምፒውተሩ "ኃ"ን እና "ሀ"ን እንደ አንድ ስላላየ የአንዲት እናት ካርድ ጠፍቶ ሳትታከም ዋለች። የእሳቸውም ስም በ"ኃ" ይጀምራልና፣ ከዚያ ወዲህ "መጀመሪያ በእኔ ስም ሞክረው፤ ከጠፋም እኔ ልጥፋ" ይሉኝ ነበር።

አርባቸው በወጣ ማግስት ካርድ ክፍሉ ገብቼ አዲስ ማረሚያ ጫንኩ። መቀመጥ አቃተኝ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ፣ መልሼ አመጣሁት። በመጨረሻ ስማቸውን በሁለቱም ፊደል ጻፍኩ። ሁለቴም ካርዳቸው ወዲያው ወጣ።

"አልጠፉም ጋሼ" ብዬ ወደ ወንበሩ ዞርኩ።