ለአባቴ የመረጥኩት የሩጫ ሰዓት

ሰዓቱን ለመምረጥ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሚስቴን ስመርጥ ይህን ያህል አልተጨነቅሁም ነበር፤ ይህንንም ሳት ብሎኝ ነግሬያት ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።

ነገሩ የመጣው በአባቴ ስኳር ነው። አባቴ ከመዝገብ ቤት ኃላፊነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሺሺንዳ ከተማ፣ የአንድ ወዳጃቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ሰው ናቸው። ቦንጋ አምጥቼ ሳስመረምራቸው ዶክተሯ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። “በሳምንት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ እግርዎ ሲለምድ ደግሞ ዱብ ዱብ ይበሉ። በሦስት ወር ውስጥ ስኳሩ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን” አለች። መርፌ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አባቴ ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። ታላቅ ወንድማቸው በዚሁ በሽታ መጀመሪያ መርፌ ጀመሩ፤ ከዚያ ጣታቸው፣ ከዚያ እግራቸው ተቆረጠ፤ ከዚያ እሳቸውም ሄዱ። በአባቴ ሂሳብ መርፌ የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ደግሞ በዓይናቸው አይተውታል።

እኔ ቦንጋ ውስጥ በዞኑ መሥሪያ ቤት፣ እቅድ ክፍል ነው የምሠራው። ሺሺንዳ እየተመላለስኩ አባቴን ላራምድ አልችልም። ሪፖርት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ከስብሰባው በኋላ የስብሰባው ሪፖርት አለ። ስለዚህ የሄዱበትን ርቀት ራሱ ለክቶ የሚነግረኝ ሰዓት ልግዛላቸው አልኩ። አሳቡ እንደመጣልኝ በራሴ በጣም ኮራሁ።

ቦንጋ ውስጥ ስልክና የስልክ ዕቃ የሚሸጥ፣ ከወደ ስልጤ የመጣ ደንበኛዬ አለ።

“ለጀማሪ ሯጭ የሚሆን፣ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ” አልኩት።

“ሯጩ ማነው?”

“አባቴ ናቸው።”

“ዕድሜያቸውስ?”

“ስልሳ ስምንት።”

ትንሽ አሰበና፣ “እንግዲያው በጣም ጀማሪ ናቸው” አለኝ።

በሳምንቱ ሦስት ዓይነት ሰዓት አስመጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። እኔ በዚያ ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ያላነበብኩት ነገር ስላልነበረ ሰውዬውን ራሱን አስተምረው ጀመር። የመጀመሪያው ሰዓት ያብለጨልጫል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ስልኬን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወደ ውጭ ስወጣበት ግን ርቀት መቁጠሩን አቆመ። ለካ ጂፒኤሱ የራሱ አይደለም፣ ከስልክ ለምኖ ነው። ሁለተኛው ካርታ አለው፣ የጎልፍ ሜዳ ያውቃል፣ ባሕር ውስጥ ሲጠልቁበት ጥልቀቱን ይናገራል። ሺሺንዳ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ካለ እስካሁን ተደብቋል። ሦስተኛው አመድማ፣ ዝም ያለ፣ በግራና በቀኙ አምስት ቁልፍ ያለው ነው። ሳተላይቱን ራሱ ይፈልጋል፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ከሳምንት በላይ ይቆያል፤ መብራት እንደ እንግዳ በሚመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጣት የሚነካ መስታወት የለውም። እኛ ዘንድ ዝናቡ መቼ እንደሚያቆም ስለማይታወቅ፣ እንዲህ ያለ መስታወት ሲረጥብ የራሱን ፈቃድ ነው የሚሠራው። ቁልፍ ግን ዘነበም አልዘነበም ቁልፍ ነው።

“ሮጬ ካልሞከርኩት አልገዛም” አልኩት።

“ሞክረው። ግን እኔ በማይህ በኩል ሩጥ” አለኝ።

ቦንጋ ውስጥ ኮት የለበሰ፣ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አይሮጥም። ይህን የተረዳሁት ሃምሳ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው። አንዱ ከካፌ ተነስቶ “ማነው የሞተው?” አለኝ። ሌላው ምንም ሳይጠይቅ ከኋላዬ መሮጥ ጀመረ። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ በዚያ በኩል ስታልፍ ኖሮ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ “ወይኔ ወንድሜን” እያለች ተከተለችኝ። መናኸሪያው ጋ ስቆም አምስት ሰው ነበርን። ማንም እንዳልሞተ፣ ሰዓት እየሞከርኩ እንደሆነ ስነግራቸው ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ሰዓቱ ግን ሦስት መቶ ሃያ ሜትር ብሎ በትክክል ለክቶ ነበር። ገዛሁት።

አባቴ ቦንጋ እኔ ቤት መጥተው ሰዓቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ካዩት በኋላ “ተሳስቷል” አሉ። የምሳ ሰዓት ነበር፣ ስድስት ሰዓት፤ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ይላል። የሩቅ አገር ሰዓት መርጬ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ደጅ ስንወጣ ከሳተላይቱ ጋር ተገናኝቶ እንደገና አሥራ ሁለት አለ። ሦስት ጊዜ ተጣላሁት፣ ሦስቴም አሸነፈኝ። አባቴ “ተወው፤ ለሰዓት ሌላ አለኝ” ብለው የድሮ ሰዓታቸው በግራ እጃቸው እንዳለ አዲሱን በቀኝ እጃቸው አሰሩት።

ሰዓቱ ማታ ማታ ከአባቴ ስልክ ጋር ሲገናኝ ቁጥሩ በእኔም ስልክ ላይ ይታያል። የመጀመሪያው ሳምንት ድምር አራት መቶ ሜትር ነበር። ደውዬ ተቆጣሁ፤ አባት ስለሆኑ በትሕትና ነው የተቆጣሁት። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ አምስት ነጥብ ሦስት። በሦስተኛው ሃያ ስድስት። ከዚያ ሠላሳ አንድ።

“ጎበዝ፣ አባባ” አልኳቸው በስልክ።

“እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሰዉ ጥሩ ነው” አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። የእቅድ ባለሙያ ነኝ፤ ክንውኑ ከመቶ ፐርሰንት በላይ ከሆነ ዝርዝሩን የሚያይ የለም። ቢሮ ውስጥ ስልኬን እያዞርኩ ቁጥሩን አሳይ ነበር፤ አባታቸውን ለረሱ ሰዎች ደግሞ በተለይ አቀርብላቸው ነበር። ሺሺንዳ መሄድም አላስፈለገኝም። ሁሉ ነገር ከወንበሬ ላይ ይታያል።

ሦስቱ ወር ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ቀን፣ አባቴ ቦንጋ እኔ ቤት መጥተው ምሳ በሉና ወደ ሺሺንዳ ተመለሱ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደልማዴ የእሁዱን ቁጥር ለባልደረባዬ አሳየኋት፤ አምስት ነጥብ አንድ። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ትንሽ ጎረጎረች።

“አሥራ ሁለት ከሩብ ተጀመረ ይላል። በእኛ ስድስት ከሩብ ነው” አለች።

“እና?”

“በስድስት ከሩብ አባባ አንተ ቤት ምሳ እየበሉ አልነበረም እንዴ?”

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታውን የከፈትኩት። ሰዓቱ የሄደበትን መንገድ ሁሉ መስመር አስምሮ አስቀምጦታል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። በዕድሜያቸው ሙሉ ቅዳሴ ያላስታጎሉት አባቴ አርብ አርብ መስጊድ ይሄዳሉ። ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያውን ስምንት ጊዜ ይዞሩታል። አንድ ረቡዕ ደግሞ ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ሮጠዋል፤ ሲሮጡ የልብ ምታቸው ስልሳ ነበር። ባልደረባዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔ ፈቃድ ሞልቼ ወጣሁ።

ሺሺንዳ ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው ባዶ ነው። ሰላምታውን ሳልጨርስ “ሰዓቱ የት አለ?” አልኩ። የሱቁ ባለቤት አዛውንቱ በአገጫቸው ወደ መንገዱ አመለከቱኝ። አንድ ወፍራም ቅቤ ነጋዴ እያለከለከ ወደ እኛ ይመጣል፤ ሰዓቱ በእጁ ላይ ነው። ደረሰና ፈትቶ ለአባቴ አስረከበ። አባቴ ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ስለሆኑ በማስመሪያ የተሠመረ ነው፦ ቀን፣ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ኪሎ ሜትር፣ ፊርማ፣ ምርመራ። ምርመራው ሥር አንድ ቦታ “ዝናብ ስለነበረ ሁለት ብቻ” ይላል። ሌላ ቦታ “በአይሱዙ የተሄደ፣ አይደገም” ይላል። ቅቤ ነጋዴው ፈረመ።

“ምንድነው ይሄ?” አልኩ።

“ደቦ ነዋ” አሉ አባቴ። “ሰው ብቻውን የማይጨርሰው ሥራ ሲገጥመው ምን ይደረጋል? ዶክተሯ ሃያ አምስት አለች፤ ሃያ አምስቱ ሞልቷል። አንዳንድ ሳምንት ተርፏል።”

“ልጄ፣ ብቻቸውን አንተዋቸውም ብለን ነው” አሉ ባለሱቁ። “እኔ መስጊድ ስሄድ አስሬው እሄዳለሁ፣ እሱ ገበያ ሲወርድ ያስረዋል። የሚያስቸግር ነገር የለውም።”

“እኔን አስቸግሮኛል እንጂ” አለ ቅቤ ነጋዴው። “ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል።”

ብዙ ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉ አልደግመውም፤ በሽማግሌ ፊት የማይባልም ነበረበት። አባቴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እስክጨርስ ጠበቁኝ። ለቀጠሮው ከእኔ ጋር ቦንጋ መጡ።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሯ መጀመሪያ ያየችው ስልኩን ነበር። የአሥር ሳምንቱን ቁጥር አይታ “ከታካሚዎቼ ሁሉ አንደኛ ነዎት” አለች። ቀጥላ የደሙን ውጤት አየች። ስልኩን አየች፣ ውጤቱን አየች፣ እኔን አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

“የእኔ አራት መቶ ሜትር ናት” አሉ አባቴ። “ሌላው የጓደኞቼ ነው።”

ዶክተሯ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አነሳች፤ ከወረቀቱ በላይ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ስታወርደው ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። “አባቴ፣ መርፌውን ዛሬ እንጀምራለን” አለች። ነርሷ እንዴት እንደሚወጋ ለሁለታችንም አሳየችን። አባቴ የሸሚዛቸውን ጫፍ ገልጠው፣ ሆዳቸው ላይ የተያዘችውን ትንሽ መርፌ እያዩ “ይቺን እንኳ የሚካፈለኝ የለም” አሉ።

ወደ ቤት የምንሄድበት ባጃጅ ውስጥ ንዴቴ ተመለሰ። ሰው እንዴት በሽታውን ያከፋፍላል፣ ሦስት ወር ሙሉ እንዴት ይቀለዳል፣ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰዓት ስመርጥ የከረምኩት ለዚህ ነው ወይ እያልኩ ተነጫነጭኩ። ባጃጁ ዳገቱን ሲጨርስ እሳቸው ጀመሩ።

“የመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ወጥቼ ነበር” አሉ። “አራት መቶ ሜትሩ ላይ እግሬን ጉንዳን እንደወረረው ሆነብኝ። የወንድሜም እንዲሁ ነበር የጀመረው። መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ፈራሁ፣ ልጄ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ደወልክ እኮ፤ አራት መቶ ሜትር ብቻ ብለህ ተቆጣኸኝ።” ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። “እነሱ ተቀምጬ አገኙኝ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እነሱ እግራቸውን አዋጡ። አንተ ሰዓት ገዛህ። ከቦንጋ ሺሺንዳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በዚያ ሰዓት ለክተኸዋል?”

በሦስት ወር ውስጥ ሺሺንዳ የሄድኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ልቆጣ። ባጃጅ ነጂው ሬዲዮኑን ቀነሰው፤ ቢጨምረው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። አባቴ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሰዓቱን አስሬላቸው፣ ሳተላይቱን እስኪያገኝ ጠብቀን ተነሳን። እስከ መስጊዱ ጥግ ሄደን ለመመለስ አምስት ጊዜ ቆምን፤ ሦስቱን ለሰላምታ፣ ሁለቱን ለእግራቸው። ሰዓቱ አንድ ነጥብ ሁለት ኪሎ ሜትር አለ። አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ ፈጠን ይበሉ አላልኳቸውም።