ከአፍደም ጋር የነበረኝ የጋራ እይታ ውል

ሰው በሚስቱ ይናደዳል፣ በጎረቤቱ ይናደዳል። የእኔን ደም ያፈላው ግን የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ያኔ ጅጅጋ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ ሥራ የሚባል ነገር ስለማይኖር፣ እኔ ጠፈር ላይ ፕላኔት ስይዝና ስለቅ እውል ነበር።

ጨዋታውን ያስለመደኝ የመምህራን ኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። ስንጨርስ እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝና ወደ ንግዱ ተመለስኩ፤ እሱ የአፍደም ልጅ ነውና አስተማሪ ሆኖ እዚያው አፍደም ተመደበ። ባቡሩ ከቆመ ቆይቷል። ባቡር የሌለው አፍደም ምን እንደሚመስል አንዴ ሄጄ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል። ሐዲዱ ላይ ፍየል ተኝቶበታል። እናቱ በደጉ ጊዜ ለመንገደኛ ሻይ ይሸጡ ስለነበር፣ እኔ ስሄድም ቴርሞሳቸውን ይዘው ጣቢያው በር ላይ ይቀመጣሉ። ለማን እንደሚሸጡ አላህ ይወቅ።

አፍደም ኢንተርኔት የለም፤ ስለዚህ የምንጫወተው በፍላሽ ነበር። ተራዬን እጫወትና ፍላሹን ጫት አራግፎ ለሚመለስ መኪና እሰጣለሁ፤ ሾፌሩ ደግሞ የአፍደምን ጫት ለሚጭነው ያቀብልልኛል። ፖስታ ሊቀር ይችላል፣ ጫት ግን ቀርቶ አያውቅም። ጓደኛዬም ተራውን ተጫውቶ በዚያው መንገድ ይመልስልኛል።

በዚህ ጨዋታ ያልደረስክበት ጠፈር ሁሉ ጥቁር ነው። ከአጋርህ ጋር የጋራ እይታ ውል ከገባህ ግን እሱ የሚያየውን አንተም ታያለህ። የሱ ፕላኔት፣ የሱ መርከብ፣ ወደሱ የሚመጣው ጠላት ሳይቀር ይታይሃል። ማየት ብቻ ነው ታዲያ። የሱን መርከብ ስንዝር ታህል ማንቀሳቀስ አትችልም። ጠላት ከጎኑ ሲመጣበት እያየሁ ስክሪኑን ተሳድቤ ስንቱን ደንበኛ አስደንግጫለሁ።

አንድ ሰሞን መርከቦቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። ፍላሹ ይመጣል፣ እከፍተዋለሁ፣ ሁሉም ባለፈው በቆሙበት ቆመዋል። ምንም ሳይነካ ተራውን ብቻ እያሳለፈ ይልክልኛል። ደውዬ ተኛህ እንዴ ስለው ሙቀቱን አማረረ፣ ደመወዙን አማረረ፣ ተመልሶ ሙቀቱን አማረረ። ዝውውር ጠይቅ አልኩት። ጠይቄ ጠይቄ አፌ ዛለ አለኝ፤ ከዚያ ደህና ነኝ ብሎ ዘጋው። ደህና እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ አንድ ቀን ፍላሹን ስከፍት በሱ በኩል ያለው ሰማይ በሙሉ ጨልሟል። አጋርህ የጋራ እይታ ውሉን አፍርሷል ይላል ጽሑፉ። ተንጨረጨርኩ። ውል ያፈረሰ አጋር ሊወጋህ እንደተዘጋጀ ይህን ጨዋታ የነካ ሁሉ ያውቃል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ እያልኩ መርከቦቼን ድንበሩ ላይ ሰብስቤ ፍላሹን ላክሁለት። ስልኩ ዝግ ነበር። ፍላሹም እንደሄደ ተመለሰ፤ ሾፌሩ የሚቀበለኝ ሰው አጣሁ አለ።

ፍላሹን ተከትለው እናቱ መጡ። የፎቶ ኮፒ ቤቴ በር ላይ አቧራ ለብሰው ሳያቸው ከወንበሬ ተነሳሁ። ሆዮ ይግቡ አልኳቸው፤ በሶማሊኛ እናቴ እንደማለት ነው። ልጃቸው ድሬዳዋ ደርሼ እመጣለሁ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ተህሪብ የሚሉት ድብቅ ስደት ነው፤ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ነው የሄደው። አብረውት የወጡት ልጆች ባሕሩን ተሻግረው ለቤተሰቦቻቸው ደውለዋል። እሱ በሌላ ጀልባ ነበር አሉ። ከዚያኛው ጀልባ የደወለ ሰው የለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ውሉን ያፈረሰው ሲሄድ እንዳላየው ነው። እኔ ሞኙ ጦር አሰልፌበታለሁ።

የማጽናኛ ቃል ስፈልግ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ተክለዋል። ለካ ነግሯቸው ኖሯል። ሲጫወት አይተው ይሄ ምንድን ነው ቢሉት፣ እኔ የማየውን ሁሉ ጅጅጋ ያለው ጓደኛዬ በዚህ ያየዋል ብሏቸዋል። ይህንኑ አምነው ነው ያን ሁሉ መንገድ በጫት መኪና የመጡት።

"እሱ የሚያየውን አሳየኝ" አሉኝ። "ባሕርም ቢሆን ግድ የለም።"

ጨዋታ ነው አልኳቸው። በዚያች የገበያ ሶማሊኛዬ፣ ውሸት መሆኑን፣ መርከቡም ሰማዩም የስክሪን ሥዕል ብቻ መሆኑን አስረዳሁ። ነጋዴ ስለ ዋጋው ሲምል እንደሚሰሙት ሰሙኝና መልሰው ወደ ስክሪኑ ዞሩ። እምቢ የምልበት አንጀት አጣሁ። ከፈትኩት።

ወንበሩን አስጠጉ። በእኔ በኩል የሚያበሩትን ከዋክብት አለፏቸውና ጥቁሩን በጣታቸው ነኩት። የልጄ በዚህ በኩል ያለው ነው ወይ አሉ። አዎ አልኳቸው። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ባጃጆቹ ይጮኻሉ።

"እሱ ያለበት አገር ገና አልነጋም" አሉ። "እስኪነጋ እጠብቃለሁ።"

ቴርሞሳቸውን እግራቸው ሥር አስቀመጡና፣ ጣቢያው በር ላይ እንደሚቀመጡት ተቀመጡ።