ወንድሜን የበላው የሚያብለጨልጭ ድንጋይ

ታላቅ ወንድሜ ከሂርና በላይ ባለው የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ ብር አገኘሁ ብሎ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደረመሰበትና ሞተ። ለቅሶ የመጡት ነጋዴዎች ስለ እሱ አልጠየቁኝም። ጫታቸውን እየቀነጠሱ፣ "ጉድጓዱ በየት በኩል ነው?" አሉኝ።

ከወንድሜ ኪስ ያገኘሁትን የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አሰበ ተፈሪ ከተማ ላሉት የሳይንስ አስተማሪዬ ወሰድኩት። ወረቀት ላይ ጫሩት፤ ግራጫ መስመር አሰመረ። "ብር አይደለም፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ድንጋይ ነው" አሉኝ። በጥንት ዘመን ጨዋማ ሙቅ ውሃ ከመሬት በታች ሲጓዝ እርሳሱን አሟምቶ አምጥቶ፣ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ትቶት እንደሄደ አስረዱኝ።

ተመልሼ ይህንኑ ለነጋዴዎቹ ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ... ብቻ ነገርኳቸው።

አንዱ ሳቀ። "ወላሂ፣ ይሄ ተማሪ ውሃ ብረት ይሸከማል ይላል። ወንድምህ ሞኝ ነበር ልትል ነው?"

ሞኝ ነበር ማለት አቃተኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አካፋ ይዘው እዚያው ጉድጓድ ገቡ። የገበያው አንጥረኛ ያወጡትን ሁሉ ብር አይደለም ብሎ መለሰላቸው። አዋቂ ነን ባዮቹ ነጋዴዎች ግን መች አፈሩ። ድንጋዩን ወቅጠው፣ ኩል ነው ብለው ገበያ አወጡት። ለወንድሜ ደረታቸውን የመቱ ሴቶች ሳይቀሩ ዓይናቸውን ተኩለውት አየሁ።