በዘራችን የለም

ጥሊሊ አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ቻይናዊው አለቃችን በየማለዳው እጅጌውን ሰብስቦ ግፊቱን ይለካ ነበር። በተኮላተፈ አማርኛው “አያቴ ነበረበት፣ አባቴም ነበረበት፣ እኔም አለብኝ” ይለናል፣ ስለ መሬት ውርስ እንደሚያወራ ሰው ምንም ሳያፍር። እኔ እበሽቅ ነበር። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራማ!

አባቴ ድንች ማሳው ውስጥ ወድቆ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው፣ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ “ምች መታው” አለች። ሐኪሙ ግን የደም ግፊት ነው፣ በዘር ሊሄድ ስለሚችል ልጆቹም ይለኩ ብሎ ለእኔ ነግሮኝ ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች።

“ለእህትህ ሽማግሌ ተልኳል። ዘራቸው በሽታ አለበት ከተባለ ማን ያገባታል? አፍህን ያዝ!”

ያዝኩ። አባቴ ሲሞት እህቴም ምች ገደለው ብላ አለቀሰች። እናቴን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ባለፈው ወር እህቴን ዳንግላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ራሷን ያማታል፣ እግሯም አብጧል። አማቷ አብራን ነበረች። ነርሷ ለካቻት፤ ደግማ ለካቻት።

“ከቤተሰብ ግፊት ያለበት አለ?”

“ኧረ በዘራችን የለም” አለች እህቴ፣ ከልቧ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። “እርስዎ ወንድሟ አይደሉ? የሚያውቁት አለ?”

አማቷም ዞር ብላ አየችኝ። በኮቴ ኪስ ውስጥ ያለውን የራሴን የግፊት ክኒን በእጄ ጨበጥኩና “የለም” አልኩ።